ክሪፕቶ ገንዘብና ብሎክቼይን በልዩ ልዩ አገሮች ሕግ ፊት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከክርክር ክበብ አባላት አንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



የክርክር ክበባችን ይህን ንግግር እንዳደርግ ባዘዘኝ ጊዜ የተሰጠኝ ርእስ «ልዩ ልዩ የሕግ ሥርዓቶች ክሪፕቶ ገንዘብን እንዴት ያስተዳድሩታል» የሚል ነበር። ርእሱን የሰማ አንድ ጓደኛዬ «ለቁሐር ሚካኤል ሰው ከሩዝና ከሽንኩርት ዋጋ በቀር ይህ ምን ይጠቅመዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ነገሩ ከእኛ የራቀ መስሎ ይታያል እንጂ በየኪሳችን ባለው ስልክ በኩል ገብቶ ከእኛ ጋራ ተቀምጧል። ሩዙ ተወቅቶ፣ ተፈትጎ፣ ወረታ ገበያ ላይ ተሸጦ ገንዘብ በእጅ በሚገባበት ወራት «በወር ውስጥ እጥፍ ይሆንላችኋል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ያልደረሰው ወጣት በመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ የፎገራ ገበሬ ልጅ የአባቱን የሩዝ ዋጋ በዚህ አዲስ ገንዘብ ቢለውጥና ገንዘቡ ቢጠፋበት፣ የትኛው ሕግና የትኛው ዳኛ ይደርስለታል? ይህን ልጅ በሐሳብ ይዘን በልዩ ልዩ አገሮች እንዙር፤ በመጨረሻም ወደ ወረታ እንመልሰው።

በመጀመሪያ ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ዕቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ የዕቁብ መዝገብ ያውቃል። መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ነው፤ ማን እንደ ጣለ፣ ማን እንደ ወሰደ፣ ማን ገና እንደ ቀረው እርሱ ጽፎ ይይዛል። ጸሐፊው ታማኝ ከሆነ ዕቁቡ ይሠራል፤ ጸሐፊው አንድ ሌሊት ቅጠሉን ገንጥሎ ሌላ ቅጠል ቢተካ ግን ዕቁብተኛው ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላል። አሁን ደግሞ እንዲህ እናስብ። አንድ ጸሐፊ የሚባል የለም፤ ዕቁብተኛው ሁሉ የመዝገቡን ግልባጭ በየቤቱ ይይዛል፤ አዲስ ገጽ በተጻፈ ቍጥር ሁሉም በየግልባጩ ያሰፍራል፤ በእያንዳንዱም ገጽ ራስ ላይ ካለፈው ገጽ ጽሑፍ በስሌት የተገኘ የቍጥር ማኅተም ይታተማል። ካለፉት ገጾች በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል የለወጠ ሰው ማኅተሙ አይገጥምለትም። እንዲገጥምለት ከፈለገ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ገጾች ሁሉ እንደ ገና ማተም፣ ያውም ከሌሎቹ ዕቁብተኞች ሁሉ ፈጥኖ ማተም አለበት። ብሎክቼይን የሚሉት ይኸው ነው፤ በአማርኛ የገጽ ሰንሰለት ብንለው ያስኬዳል።

ቢትኮይን ደግሞ በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ የሚጻፍ የሒሳብ ቍጥር ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ ሰው፣ ወይም ምናልባት ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣ፤ በ2009 ጥር ወር መዝገቡ ተከፈተ። ጠቅላላ ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ተወስኗል። አዲስ ገጽ በየ10 ደቂቃው ገደማ ይጻፋል፤ ገጹን ለማተም የሚያስፈልገውን አስቸጋሪ ስሌት ቀድሞ ያገኘው ኮምፒዩተር አዲስ ቢትኮይን ይሸለማል። ይህን ሽልማት ለማግኘት የሚደረገውን ሥራ «ማዕድን ማውጣት» ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፤ የሚቆፈር ጕድጓድ የለውም፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። ይህን የኤሌክትሪክ ነገር አትርሱብኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የአገር መንግሥት ያላተመው ገንዘብ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነውን? ታሪክ መምህራችን እንዳስተማሩን አይደለም። አባቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የማርያ ቴሬዛ ብር በኦስትሪያ ይቀረጽ የነበረ ነው። እቴጌይቱ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ የ1780 ዓመት ይዟል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ያላወጀውን፣ ባለቤቱም የሞተችውን ይህን ብር ነጋዴው በሥዕሉ ላይ ያሉትን የሉል ፍሬዎች እየቈጠረ ትክክለኛነቱን አረጋግጦ ይቀበል ነበር። ከእርሱም ጋራ አሞሌ ጨው ይሄድ ነበር። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። ጠገራው ቢቀልጥ ብር ነው፣ ለጌጥ ይሆናል፤ አሞሌውም ገንዘብነቱ ቢቀር ወጥ ያጣፍጣል። ቢትኮይን የሚቀበለው ሰው የጠፋ ቀን በእጅ የሚቀር ነገር የለውም።

መንግሥታችን ገንዘብን በሕግ ሥር ያዋለው ቀስ በቀስ ነው። አጤ ምኒልክ በስማቸው ብር አስቀረጹ፤ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ ሕጋዊ መገበያያ እርሱ ሆነ። ገንዘብ የሕግ ፍጥረት መሆኑን አባቶቼ በቅርቡም አይታችኋል፤ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር አዲሱ የብር ኖት በወጣ ጊዜ አሮጌውን በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ወደ ባንክ ያልወሰደ ሰው ኖቱ በእጁ ላይ ተራ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ የፎገራውን ልጅ ይዘን እንሂድ። በየአገሩ ያለው ዳኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ገንዘብ ነውን? ንብረት ነውን? ወይስ እንደ አክሲዮን ያለ የትርፍ ሰነድ? ልጁ የሚያገኘው ፍርድ በዚህ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በቶኪዮ እንጀምር። ማውንት ጎክስ የሚባል የቢትኮይን መለወጫ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የካቲት ወር ወደቀ፤ በወቅቱ የጠፋው ወደ 850,000 ቢትኮይን እንደ ሆነ ተነገረ፤ ጥቂቱ በኋላ ተገኘ። የጃፓን መንግሥት ከዚህ ተምሮ የክፍያ ሕጉን በ2016 አሻሻለ፤ ሕጉም በ2017 ሚያዝያ ሥራ ላይ ዋለ። መለወጫ ቤት ሁሉ እንዲመዘገብ፣ የደንበኛውንም ሀብት ከራሱ ሀብት ለይቶ እንዲይዝ ተገደደ። ገንዘባቸው የጠፋባቸው ሰዎች በፍርድ ቤት በተሾመ ባለ አደራ አማካይነት መልሶ መቀበል የጀመሩት በ2024 ሐምሌ ነው። ዐሥር ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። ቢሆንም የሚጠብቁት ፍርድ ቤት ነበራቸው።

ወደ አሜሪካ ስንሄድ መልሱ ከብርቱካን እርሻ ይመጣል፤ ይህ ለእኛ ለገበሬ ልጆች የሚገባ ነገር ነው። በፍሎሪዳ ሃዊ የሚባል ኩባንያ የብርቱካን ተክል ያለበትን መሬት እየቈራረሰ ለሩቅ ሰዎች ይሸጥ፣ ራሱም እያረሰና ፍሬውን እየሸጠ ትርፉን ለገዢዎቹ ያካፍል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 እንዲህ ፈረደ፦ ሰዎች በጋራ ሥራ ላይ ገንዘባቸውን አውለው በሌላው ሰው ድካም ትርፍ የሚጠብቁ ከሆነ፣ የተሸጠው ነገር ስሙ መሬት ቢባልም በሕግ ዓይን የትርፍ ሰነድ ነው፤ ሻጩም ለሕዝብ የሒሳቡን እውነት መግለጽ ግዴታው ነው። አንድ ሰው የፎገራን የሩዝ ማሳ በእንዲህ ያለ መንገድ ለአዲስ አበባ ሰው ይሸጣል እንበል፤ እርግጥ በሕገ መንግሥታችን መሬት አይሸጥም፣ ለምሳሌ ያህል ነው። አሜሪካኖች ይህን የ1946 የብርቱካን ፍርድ ዛሬ በክሪፕቶ ሻጮች ላይ ያነሡታል። የክርክሩ ፍጻሜ ገና ሩቅ ነው። በ2025 ሐምሌ ግን ዋጋቸው ከዶላር ጋራ ለተሳሰረ የክሪፕቶ ዓይነቶች ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ፤ አውጪው ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር የሚመጥን ጥሬ ገንዘብ ወይም በአጭር ጊዜ የሚከፈል የመንግሥት የብድር ሰነድ እንዲያስቀምጥ ያዛል።

እንግሊዞች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በእነርሱ አገር ሕጉ ከአዋጅ ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ ዳኛው በየጉዳዩ እየፈረደ ይገነባዋል። በጥንቱ ሥርዓታቸው ተንቀሳቃሽ ንብረት ሁለት ዓይነት ነበረ፤ በእጅ የሚያዝ ነገር አንድ፣ በክስ የሚጠየቅ መብት ሁለት። ቢትኮይን በእጅ አይያዝም፣ የሚከሰስበትም ባለ ዕዳ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የሎንዶን ዳኛ፣ የኮምፒዩተር ወንበዴዎች ከአንድ የመድን ድርጅት በማስገደድ የተቀበሉትን ቢትኮይን ንብረት ነው ብለው እንዲታገድ አዘዙ። ፓርላማውም በ2025 አጭር ሕግ አውጥቶ አንድ ነገር ከሁለቱ ጥንታዊ ክፍሎች ስላልገባ ብቻ ንብረት ከመሆን አይከለከልም አለ። ልጃችን ሎንዶን ቢሆን ኖሮ «ንብረቴ ተሰርቋል» ብሎ ሌባውን ሊከስ ይችላል።

የሮማን ሕግ የወረሱት የአውሮጳ አገሮች ዳኛው እስኪፈርድ አልጠበቁም። እንደ ልማዳቸው ሰፊ መጽሐፍ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮጳ ኅብረት ደንብ በ2024 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። አውጪው ነገሩ ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ እንዲያትም፣ መለወጫ ቤቱ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል።

ከዚህ በተቃራኒ ቻይና በሩን ዘጋች። እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም ማዕከላዊ ባንኳ በክሪፕቶ የሚደረግ ንግድ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስታወቀ፤ ቢትኮይን የሚያወጡት ኮምፒዩተሮችም ከአገሯ ተባረሩ። የተባረሩት ወዴት እንደ ሄዱ ትሰማላችሁ። ሕንድም ለመዝጋት ሞክራ ነበር፤ ባንኳ በ2018 ሌሎች ባንኮች ከክሪፕቶ ነጋዴዎች ጋራ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ግን በ2020 መጋቢት ወር ክልከላው ከጕዳቱ ጋራ አይመጣጠንም ብሎ ሻረው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ጣለበት።

ኤል ሳልቫዶር የሚባለው ትንሽ የመካከለኛው አሜሪካ አገር ደግሞ እስከ ዳር ሄደ። በ2021 መስከረም ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አደረገው፤ ነጋዴው ሁሉ እንዲቀበል በሕግ ታዘዘ። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋራ የ1.4 ቢሊዮን ዶላር የብድር ስምምነት ካደረገ በኋላ ግን በ2025 ጥር ሕጉን አሻሽሎ መቀበሉን በነጋዴው ፈቃድ ላይ ተወው። በበኩሌ የገረመኝ፣ ለነጻነት ተፈጠረ የተባለው ገንዘብ በግዴታ ተቀበሉ መባሉ ነው።

ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው የናይጄሪያ ታሪክ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 የካቲት ባንኮች የክሪፕቶ ነጋዴዎችን ሒሳብ እንዲዘጉ አዘዘ። ሕዝቡ መገበያየቱን አልተወም። ከባንክ ወጥቶ ሰው ለሰው በስልክ ይለዋወጥ ጀመር፤ መንግሥት ማን ለማን እንደ ሸጠ ማየት አልቻለም፤ የተታለለውም ሰው የተከለከለ ነገር ሲሠራ ስለ ነበረ ለመክሰስ ፈራ። በ2023 ታኅሣሥ ክልከላው ተነሣ፤ በ2025 በወጣው የኢንቨስትመንትና የሰነዶች ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው ሀብት በተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥር ገባ። ጎረቤታችን ኬንያም በዚያው ዓመት የመለወጫ ቤቶችን የፈቃድ ሕግ አጽድቃለች።

አሁን ልጁን ወደ ወረታ እንመልሰው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ገንዘብ ብር እንደ ሆነ፣ በአገር ውስጥ የሚደረገው ክፍያ በብር መፈጸም እንዳለበት፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩ፣ ማዕድን አውጪዎቹም ጭምር፣ ቀርበው እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። አንዱ መሥሪያ ቤት «አትንኩ» ሲል ሌላው «ተመዝገቡ» ማለቱ ብዙ ሰው አደናግሯል። ነገሩን በጥሞና ስናየው አንደኛው ስለ መገበያየት፣ ሁለተኛው በይበልጥ ስለ መሣሪያውና ስለ ምስጢራዊ ስሌቱ ነው የተናገረው፤ ግን ይህን ለይቶ የሚያስረዳ ሰው ለተራው ሕዝብ አልተላከም።

ታዲያ ልጁ ገንዘቡ ቢጠፋበት ምን ሊያደርግ ይችላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1716 ሕገ ወጥ ነገርን መሠረት ያደረገ ውል ፈራሽ ነው ይላል። ውል ሲፈርስም ሁለቱ ወገኖች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ በቁጥር 1815 ተደንግጓል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲታይ የሰጠውን ብር መልስልኝ ለማለት መንገድ አለው። አሳሳች ነገር ተናግሮ የሰውን ሀብት የወሰደም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 692 ያስቀጣል። ተታልሎ የነበረ ልጅ «እኔ ራሴ የተከለከለ ነገር ገዝቻለሁና ዝም ልበል» ብሎ እንዳይቀመጥ ይህን ሁሉም ይወቀው። ችግሩ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተከሳሹ ማን ነው? ስሙ የሐሰት፣ አድራሻው የማይታወቅ፣ ምናልባትም ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው። የጃፓኑ ልጅ የተመዘገበ ድርጅት ስም ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የእኛው ልጅ የያዘው የቴሌግራም ቅጽል ስም ብቻ ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ክልከላው ብቻውን ልጁን ይጠብቀዋል ብዬ አላምንም። የሚጠብቀው ስም ያለው፣ ፈቃድ ያለው፣ ሊከሰስ የሚችል ሻጭ መኖሩ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ በቂ ምክንያት አለው፤ የውጭ ምንዛሪ ባጠረው አገር ብር በስውር ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ ይሆናል ይላል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም።

ወደ ንብረቱ ጥያቄም ላንድ አፍታ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሕጋችን ደስ የሚያሰኝ ነገር ይዟል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። በቁጥር 1129 ላይ፣ የሰው ልጅ ገዝቶ ለጥቅሙ ያዋላቸው እንደ ኤሌክትሪክ ያሉ ዋጋ ያላቸው የተፈጥሮ ኃይሎች እንደ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገር ይቈጠራሉ ይላል። የማይጨበጠውን ኤሌክትሪክ እንደ በሬና እንደ ማረሻ ንብረት አደረጉት ማለት ነው። ቢትኮይንስ? ቍጥር የተፈጥሮ ኃይል ስላልሆነ በዚህ አንቀጽ በቀጥታ አይገባም። እንደ እንግሊዝ ዳኛ እያንዳንዱ ዳኛችን አዲስ ሕግ አይሠራም፤ ነገር ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጕም ሌሎችን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ከእኛ መካከል ሕግ ለማጥናት የሚያስብ ካለ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ኤሌክትሪኩን አትርሱብኝ ብዬ ነበር። ከቻይና የተባረሩት ኮምፒዩተሮች ርካሽ ኃይል ፍለጋ ሲዞሩ ከደረሱባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ማዕድን አውጪ ኩባንያዎች ጋራ ውል መግባቱ ተዘግቧል፤ ከእነዚህም 19ኙ የቻይና ነበሩ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 በ10 ወር ብቻ ከ50 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አስገኝቷል። እንግዲህ የሕጋችንን ሁኔታ ተመልከቱት፤ ቢትኮይን ለፎገራው ልጅ የተከለከለ ሸቀጥ ነው፣ ለውጭው ኩባንያ ግን ኤሌክትሪክ ከፍሎ የሚያመርተው ምርት ነው። ተቃርኖ ነው የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መንግሥት የሸጠው ኃይል ነው፣ ገዢው በኃይሉ ምን እንደሚሠራበት የገዢው ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። ጥያቄው ኃይሉ ለማን ይቅደም የሚለው ነው። ከጣና ሐይቃችን ውኃ ተወስዶ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህ ሁሉ እያለ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት አላገኘም። በርብና በጉማራ ዳር ያለው ገበሬ ሽንኵርቱን የሚያጠጣው በነዳጅ በሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው፤ የነዳጁም ዋጋ ትርፉን ይበላበታል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለአዲስ ማዕድን አውጪዎች ፈቃድ መስጠቱን ማቆሙን አስታውቋል፤ ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ።

ስለ ገንዘቡ ይህን ያህል ካልሁ፣ ስለ መዝገቡ ደግሞ ሁለት ነገር ልበል፤ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካልና።

የትምህርት ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አይኦኤችኬ ከሚባል የውጭ ኩባንያ ጋራ ሆኖ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በ3,500 ትምህርት ቤቶች በብሎክቼይን ለመመዝገብ ማቀዱ ተነግሮ ነበር። ሐሳቡ የሐሰት ሰርቲፊኬትን ለማጥፋት ነው። በዓላማው ማን ይቃወማል? ነገር ግን የማይፋቅ መዝገብ ስሕተትንም አይፍቅም። መምህሩ 86 ያገኘውን ተማሪ 68 ብለው ቢያስገቡ ቀድሞ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ማስታረም ነበር፤ በሰንሰለቱ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ቍጥር ለዘላለም ይቀመጣል፣ ከበታቹ «ታርሟል» የሚል ሌላ ገጽ ይጨመርበታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ባለ መረጃው የተሳሳተውን የማስታረም መብት ይሰጠዋል። የአውሮጳ ሕግም እንዲሁ ይላል፤ ሊቃውንቶቻቸውም በዚህ ሳቢያ ስም የያዘውን ጽሑፍ ከሰንሰለቱ ውጭ አስቀምጦ ማኅተሙን ብቻ በሰንሰለቱ ማኖር ይሻላል ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ሁለተኛው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። ጆርጂያ የምትባለው አገር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሬት መዝገቧን ማኅተም በብሎክቼይን ላይ ማኖር ጀምራለች። «የእኛም ደብተር እንዲህ ቢሆን የድንበር ክርክር ይቀራል» ሲሉ የሰማኋቸው አሉ። አባቶቼ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ድንበሩን ደለል ያለብሱታል፣ ወሰኑንም ደንጊያ ይውጡታል። ሰንሰለቱ የሚያረጋግጠው ከተጻፈ በኋላ ማንም እንዳልፋቀው ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ የእመበለቲቱን ማሳ በጎረቤቷ ስም ጽፎት ከሆነ፣ ያንኑ ሐሰት ማንም ሊነካው በማይችል ማኅተም አትሞ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ በፊት የወሰን አዋሳኙ ምስክርነትና የቀበሌው ኮሚቴ ሥራ በጥንቃቄ ይሠራ።

ጊዜዬ ስላለቀ እዚህ ላይ ላቁም። የክርክር ክበባችን «በኢትዮጵያ ለክሪፕቶ መለወጫ ቤቶች ፈቃድ ሊሰጥ ይገባል» በሚል ርእስ ክርክር አዘጋጅቷል። እኔ «ይገባል» ከሚለው ወገን ነኝ፤ «አይገባም» ከሚለው ወገን ሁለት ተናጋሪዎች ይጐድሉናል። ስማቸውን ለመስጠት የሚፈቅዱ ተማሪዎች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ብቅ ይበሉ፤ ወላጆችም መጥታችሁ ጥያቄ እንድትጠይቁን በአክብሮት እንለምናለን።